የእናቴ የዴሊቨሪ አባልነት

ቲማቲም ሳይጨብጥ የሚገዛ ሰው አለ ቢሉኝ አላምንም ነበር። ስልክ ላይ ፎቶውን አይቶ፣ «ከዚህኛው አምጡልኝ» ብሎ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው። ፎቶ ላይማ እኔም አምራለሁ። ነገሩ የሚለወጠው ሰው በአካል ሲያየኝ ነው። ቲማቲምም እንደዚያው ይመስለኛል።

ይህን ጥርጣሬ የወረስኩት ከእናቴ ነው። እኔ ቢቸና ልብስ ሰፊ ነኝ። እናቴ ወይዘሮ ጥሩነሽ ሞጣ ብቻዋን ትኖራለች። አባቴ ካረፈ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያሉት እሷ፣ ድመቷና ሬዲዮዋ ናቸው። ገበያ ስትወጣ ግን ብቸኛ አትመስልም። ትንሽ ሽንኩርት ለመግዛት ግማሽ ቀን ይፈጅባታል። አንዱን ታነሳለች፣ ጫን ታደርገዋለች፣ ታሸተዋለች፣ ትመልሰዋለች። ሌላ ሻጭ ዘንድ ሄዳ የፊተኛውን ታማለች። ከዚያ ተመልሳ የፊተኛውን ትገዛለች። አንድ ጊዜ አብሬያት ሳለሁ የአንዱ ሻጭ ትዕግሥት አለቀና፣ «እማማ፣ ሽንኩርቱን ሊበሉት ነው ወይስ ልጅዎን ሊድሩለት?» አላት። ልጅ የተባልኩት አጠገቧ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። እናቴ አየት አደረገችኝ፤ ሽንኩርቱን አየት አደረገችው፤ ከዚያ መልሳ አስቀመጠችው። ለማናችን እንዳዘነች እስከ ዛሬ አልገባኝም።

እንግዲህ ይህቺ ሴት ክረምቱ እንደገባ ከገበያ ስትመለስ ጭቃው አዳለጣትና ወደቀች። አጥንቷ አልተሰበረም፤ ቁርጭምጭሚቷ ግን አብጦ መርገጥ አቃታት። ጎረቤቶቿ ደግፈው አስገቧት፣ ወጌሻ መጥቶ አሻት፣ እኔ የሰማሁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እሷ አልነገረችኝም። ስደውልላት «ደህና ነኝ፣ ትንሽ ተቀምጫለሁ» ነው ያለችኝ። እናቴ ቀን ላይ ተቀምጣ አታውቅም። በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ መኪና ተሳፈርኩ።

ደርሼ እግሯን ሳየው ደነገጥኩ። ያን ቀን ሳንጨቃጨቅ አልመሸም። ቢቸና ነይ አልኳት። ምን ልሠራ አለችኝ። ቁጭ ብለሽ ልትጦሪ አልኳት። ቁጭ ማለትማ እዚህም አለ አለችኝ። ብትወድቂ ማን ያነሳሻል ብላት፣ ባለፈው ያነሱኝ ሰዎች ያነሱኛል አለች። ከእናቴ ጋር መከራከር ለእኔ አዲስ አይደለም፤ ያን ቀን ግን በፍርሃት ነበር የምከራከራት።

ቢቸና ከተመለስኩ በኋላ መፍትሔ ያመጣው ባሌ አንዱዓለም ነው። የሒሳብ መምህር ነው። ሞጣ ዘሃራ የምትባል ነጋዴ በስልክ ትዕዛዝ እየተቀበለች አስቤዛ በባጃጅ ቤት ድረስ መላክ መጀመሯን ከጓደኛው ሰምቷል። በየወሩ የአባልነት ክፍያ አለው። አባል የሆነ ሰው የፈለገውን ያህል ጊዜ ቢያዝ የማድረሻ አይጠየቅም። አንዱዓለም በጣቱ ጠረጴዛው ላይ የማይታይ ቁጥር ሲጽፍ አመሸ። ደጋግሞ ለሚያዝ ያዋጣል፣ አልፎ አልፎ ለሚያዝ ኪሳራ ነው ብሎ አስረዳኝ። «እማማ ደግሞ ብቻቸውን ናቸው፤ ምን ያህል ይበላሉ? አያዋጣም» ብሎ ደመደመ። እሱ ይህን ብሎ ሲተኛ እኔ በስልኬ ከፍዬ አስመዘገብኳት።

በነጋታው ከእናቴ ጋር በስልክ የተስማማነው እንዲህ ነው። እስከ መስቀል ገበያ አትወጣም፤ የሚያስፈልጋት ሁሉ ቤቷ ይመጣላታል። በዚህ መኖር ከቻለች ሞጣ ትቀራለች። ካልቻለች አልጋዋን ጭነን ቢቸና እናመጣታለን። «እሺ» አለች። እናቴ ሳትከራከር እሺ ካለች ሰው መጠርጠር ነበረበት። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ስልኩን ዘጋሁ።

የመጀመሪያው ዕቃ የደረሰ ቀን ደወለች።

«አንድ ሰው ሽንኩርት ይዞልኝ መጣ» አለች። «ኑሩ ይባላል። ጨዋ ሰው ነው። ምሳ አብልቼ ሸኘሁት።»

«እማዬ፣ እሱ እንግዳ አይደለም። ሠራተኛ ነው፤ ይከፈለዋል።»

«የሚከፈለው ሰው አይርበውም?»

ይኸው ነው። በልቼ ነው የመጣሁት ቢላት አትሰማም። ኑሩ ሙስሊም ነው፤ እሷ ዘንድ ሥጋ አይበላም። ስለዚህ እሱ የሚመጣበትን ቀን ጠብቃ ሽሮ ትሠራለታለች። ይህን በስልክ ስትነግረኝ ሳቅኩ። አንዱዓለም ግን ጣቱን ወደ ጠረጴዛው መለሰ። ዕቃ ላመጣ ሁሉ ምሳ የሚጋበዝ ከሆነ አባልነቱ በምንም መንገድ አያዋጣም ነው የሚለው።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ዘሃራ ራሷ ደወለችልኝ። ድምጿ ትሁት ነው። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቤተሰቤ ጠየቀችኝ። ቀጥላ፣

«እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እናትሽ ስንት ናቸው?» አለችኝ።

«ዕድሜያቸውን ነው?»

«አይ። ቁጥራቸውን።»

አንዲት ናት አልኳት። ዘሃራ ተነፈሰች። ከዚያ እናቴ በየቀኑ ከነጋ እስከ ምሽት እንደምታዝ፣ ከሆቴል ቤት የማይተናነስ ድንችና ዘይት እንደምትወስድ፣ የሕፃናት ዱቄት ወተት ሳይቀር እንደምታስመጣ ነገረችኝ። ዋጋውን ሳታጓድል ትከፍላለች፤ ቅሬታ የለኝም፣ ግን ባጃጄ ከእናትሽ በር አልነቃነቅ አለ አለችኝ።

እናቴ በዚህ ዕድሜዋ የሕፃን ወተት ምን ያደርግላታል? ያሰብኩት ሁለት ነገር ነው። ወይ አእምሮዋ ተነካ፣ ወይ ብቻዋን መሆኗን ያየ ሰው እየበዘበዛት ነው። ቆርጬ ያልሰፋሁትን ዩኒፎርም ሁሉ ጥዬ በነጋታው ወጣሁ። ደብረ ወርቅን አልፈን ሞጣ እስክንገባ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ስለ ጤፍ ዋጋ ሲነግረኝ አንድም ቃል አልሰማሁም።

ቤቷ ስደርስ ባጃጁ በሩ ላይ ቆሟል። ግቢው ውስጥ ሴቶች ዘንቢል ይዘው ተሰብስበዋል። ለቅሶ መሰለኝ። ገፍቼ ስገባ እናቴ በረንዳው ላይ ወንበር ይዛ፣ ያበጠ እግሯን ሌላ ወንበር ላይ ሰቅላ፣ ቲማቲም እያገላበጠች ነው።

«ይሄ ለአራስ አይሆንም። መልሰው» ትላለች። ኑሩ የሽሮ ሰሃኑን ጭኑ ላይ እንዳደረገ በአንድ እጁ ይቀበላታል። «ይሄ ለበላይነሽ ይሁን፤ እሷ ወጥ ነው የምትሠራበት።»

እኔን ስታይ አልደነገጠችም። «መጣሽ? ከኑሩ ጋር ብዪ፤ ገና ትኩስ ነው» አለችኝ። ሐሙስ ነበር። የፍስክ ቀን፣ እናቴ ቤት፣ ከዚያ ሁሉ መንገድ በኋላ፣ ሽሮ በላሁ።

ነገሩን የነገረችኝ አጥር የምትጋራት እትዬ በላይነሽ ናት። መጀመሪያ እናቴ ጨው ስታዝ ለእሷም አብራ አዘዘችላት። ቀጥሎ ከኋላ ያለችው አራስ ተጨመረች፤ ባሏ ለሥራ ርቋል፣ ልጇን ጥላ መውጣት አትችልም። ከዚያ ሰፈሩ ሰማ። ሁሉም ገንዘቡን ለእናቴ ይሰጣል፣ እናቴ ትደውላለች፣ ዕቃው ይመጣል። እናቴ ሳትነካው የሚያልፍ የለም። ገበያ አልወጣም ብላ የገባችልኝን ቃል ጠብቃለች። ገበያው ነው ወደ እሷ የመጣው።

ወዲያው ዘሃራ መጣች። ኑሩ ሳይሆን አይቀርም የደወለላት። የሠላሳ ምናምን ዓመት ሴት ናት፤ ቤተሰቧ ከጥንት ጀምሮ ሞጣ የነገደ ነው። ጫማዋን ጭቃው በልቶታል። እናቴን በአክብሮት ሰላም አለቻትና አጠገቧ ተቀመጠች።

«አክስቴ፣ አባልነቱ እኮ ለአንድ ቤት ነው» አለቻት።

«እኔስ ምን አልኩ? የሚመጣው እኔ ቤት ነው።»

«ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ ነው ጉዳዩ።»

«ከዚያማ በእግሩ ነው የሚሄደው፤ ባጃጅሽን አልጠየቅኩም።»

ሴቶቹ ሳቁ። ዘሃራም ልትስቅ ነበር፤ ግን ያዝ አደረገችው። ነጋዴ ናት፤ ነዳጅ ትገዛለች። ይህን ያየ ሌላ ሰፈርም ቢከተል ሥራዬን እዘጋለሁ አለች። አክስቴ አይቀየሙኝ፣ ከዚህ ወር በኋላ ለእርስዎ አባልነቱን አላድስም ብላ ተናገረች። ሳቁ ጠፋ።

እኔ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። በውስጤ ደስታ ብልጭ አለብኝ። ስምምነታችን አለ። አባልነቱ ከቀረ እናቴ ቢቸና ትመጣለች፤ እኔም በየዝናቡ ወደቀች አልወደቀች እያልኩ አልባንንም። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። ዝም አልኩ።

እናቴ ዝምታዬ ገባት። ቲማቲሟን አስቀመጠችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች። አንገቷን ወደ እኔ መለሰች፤ ድምጿ ዝቅ ብሏል።

«ቢቸና እሄዳለሁ፤ ቃሌ ነው» አለችኝ። «እግሬም ይድናል፤ እዚያም ገበያ አለ። ግን እዚያ ለማን ነው የምገዛው? አንቺ ራስሽ ትገዣለሽ።»

እናቴ እንዲታዘንላት ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። አሁንም ለዚያ አልነበረም፤ የምር የምትጠይቀኝ ነበር የምትመስለው። እትዬ በላይነሽ ፊቷን አዞረች። እኔ ልብስ ለክቼ ለሰው ልክ የማወጣ ሴት ነኝ፤ የእናቴን ልክ ግን በዚያች ሰዓት ነው ያየሁት። ከዚያች በረንዳ ብትነሳ የሚጠብባት እንጂ የሚመቻት ቤት የለም።

«ዘሃራ፣ እስኪ ሌላ መንገድ እንፈልግ» አልኩ። አፌ ይህን ሲናገር ራሴም ሰማሁት።

ያገኘው ኑሩ ነው። ሰሃኑን አስቀመጠ፣ እጁን ታጠበና መናገር ጀመረ። በዚህ ክረምት ባጃጁ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ አይገባም፤ የእማማ በር ድረስ መግባቱ ራሱ ስንት ጊዜ መግፋት ይጠይቃል አለ። ሌላ ሰፈር በየበሩ ሲዞር ግማሹ ሰው የለም፣ ግማሹ ዕቃው አልተስማማኝም ብሎ ይመልስበታል። እዚህ ግን አንድ በር ላይ አራግፎ ይሄዳል። የማይሆነውን እማማ እዚያው ስለሚመልሱት በኋላ የሚጮህ ደንበኛ የለም። «ሁሉም ሰፈር አንድ አንድ እማማ ቢኖረው ነዳጃችን ይተርፍ ነበር» አለ።

ዘሃራ ኑሩን አየችው። «አንተ ይህን የምትለው ለሽሮው ብለህ ነው» አለችው።

«ሽሮውም አለበት» አለ ኑሩ።

በዚህ ተጀመረ። ሴቶቹ የየራሳቸውን አባልነት ይከፍላሉ፤ ማድረሻው የጋራ ስለሆነ ዘሃራ ቀነሰችላቸው። ዕቃው የሚራገፈው እናቴ ዘንድ ነው። እናቴ አትከፍልም። ይልቅ የድካም የሚሆን በየወሩ አስቤዛ እልክልዎታለሁ አለቻት ዘሃራ። እናቴ ይህን ብዙም አልሰማችውም፤ ከሥር የተደበቀ የበሰበሰ እንዳይኖር ነው የምታስጠነቅቃት። ዘሃራ ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ፣ «እህቴ፣ እናትሽን ያመማቸው እግራቸው አይደለም፤ ሥራ አምሯቸው ነው» አለችኝ በሹክሹክታ።

ቢቸና ስመለስ አንዱዓለም እየጠበቀኝ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት። ጣቱ ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ተንቀሳቀሰና ቆመ። «ይሄ እንዴት እንደሚሰላ አላውቅም» አለ። የሒሳብ መምህር ይህን ሲል የሰማሁት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ለተማሪዎቹ አትንገሩብኝ።

መስቀል አለፈ። እግሯ ድኗል። አሁን በሳምንት አንዴ ባጃጁ ውስጥ ከኑሩ ኋላ ተቀምጣ ገበያ ትወርዳለች፤ ለሰፈሩ ዕቃ የምትመርጠው እሷ ናት። ከገበያ እንድትቀር ብዬ በከፈልኩት ገንዘብ ሰበብ ቤት ድረስ ባጃጅ መጥቶ ወደ ገበያ ይወስዳታል ማለት ነው። እንግዲህ የዴሊቨሪ አባልነት ያዋጣል ወይ ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ፣ ለእሷ ያዋጣል። ለአራሷም፣ ለኑሩም ያዋጣል። ለእኔ ግን እንጃ።

ባለፈው እሑድ ናፍቃኝ ደወልኩላት። ከብዙ ጥሪ በኋላ አነሳች። ከኋላዋ የሴቶች ድምፅ ይሰማል።

«አቤት፣ ትዕዛዝ ነው?» አለች።

«አይ እማዬ፣ እኔ ነኝ። እንዴት ነሽ ልልሽ ነው።»

«ትዕዛዝ ካልሆነ ቆይተሽ ደውዪ» ብላ ዘጋችው።