በደል ለማስታወስ የሰለጠነ አእምሮ

አእምሮ እንደ ጡንቻ ነው፣ ካላሠሩት ይሟሽሻል ይላሉ። እኔ የማውቃቸው አለቆች ግን አንድ ቀን እንኳ ሳያሠሩት በሰላም ጡረታ ወጥተዋል። መሟሸሹን ማን ይወቅ፤ መኖሩንስ መጀመሪያ ማን አጣራ።

እኔን ወደ ሥልጠናው ያስገባኝ ችግር ነው። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት በመሥሪያ ቤታችን ለእኔ የሚገባው የቡድን መሪነት፣ ከእኔ ባነሰ ውጤት፣ ለይመር ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ እሱ አለቃ እኔ ምንዝር ሆነን፣ በየለቅሶው ጎን ለጎን እየተቀመጥን፣ ሰላም ሳንባባል ኖርን። ቆቦ ደግሞ ለኩርፊያ ጠባብ ናት። ዘመድ ሰለቸውና ለዘወልድ፣ ለአስታራቂ ሽማግሌዎቻችን፣ ነገረብን።

የሽማግሌን ሕግ ታውቁታላችሁ፤ ዕርቅ ከወረደ በኋላ “ይህችን ረስቼ ነበር” አይባልም። ያን ዕለት ያልተነገረ በደል እንዳልተፈጸመ ይቆጠራል። እኔ ደግሞ ይመር በሰው ፊት “ቦታው የእሱ ነበር” ሲል ሳልሰማ መሞት አልፈልግም። አንዲትም እንዳታመልጠኝ ሁለት ወር ሠለጠንሁ። በስልኬ የቁጥር እንቆቅልሽ ፈታሁ፤ ዋጃ ስመላለስ የመኪና ታርጋ በቃሌ አጠናሁ፤ አእምሮ ያነቃል ሲሉኝ መፋቂያዬን በግራ እጄ ይዤ ድዴን አደማሁ።

“ታርጋውን ተወውና ጨው ግዛ ያልሁህን አስታውስ” አለች ባለቤቴ።

ቀኑ ደረሰ። ግራሩ ሥር ቁጭ ብለን በደሌን ከነወሩ ደረደርሁት። ከሽማግሌዎቹ ፊደል ያልቆጠሩት ሼህ ሙሄ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝና አንድ ቃል ሳይጥሉ ለይመር ደገሙለት። ይመር አንገቱን ደፋ።

“ቦታው የእሱ ነበር። አጥፍቻለሁ።”

ደስታዬን አጣጥሜ ሳልጨርስ ሼሁ ወደ እኔ ዞሩ።

“ጨረስህ ልጄ?”

“ጨርሻለሁ ሼህ።”

“ያቺ ስም የሌላት ማመልከቻስ?”

እውነቴን ነው፣ ረስቻት ነበር። ይመር በተሾመ ሰሞን ጉቦኛ ነው ብዬ፣ ‘ከአንድ ተቆርቋሪ ዜጋ’ በሚል የጻፍኋት ናት። ሼሁ ያኔ በስብሰባ አንድ ጊዜ ስትነበብ የሰሟትን ከአርእስቷ ጀምረው በቃላቸው አወረዷት።

“የእኔ መሆኗን በምን አወቁ?” አልሁ።

“አንተው፣ በቆቦ ‘በመሆኑም’ን አራት ጊዜ የሚደጋግም ሌላ ማን አለ?”

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ተነሥቼ ይመር እግር ላይ ወደቅሁ፤ እሱም አነሣኝ። ዕርቅ ወረደ፤ አሥራ አንድ ዓመት ያሳደግሁት በደልም ዳግመኛ ላይነሣ ተዘጋ።

ባጃጅ ልንይዝ ስናዘግም ይመር ጠጋ አለኝ።

“ስማ እንጂ፣ ማመልከቻዋ ግን ጥሩ ተጽፋ ነበር።”

ከአለቃዬ የሰማሁት የመጀመሪያው ምስጋና ነው።