ዝም ያለው ይቀደም

በዚያ ዓመት ዝናብ ቀረ። ወንዙ ደርቆ ድንጋዩ ብቻ ታየ። አውሬው ውኃ ፍለጋ ወደ ሰው ወረደ፤ ሰውም እንጨት ፍለጋ ወደ አውሬው ወጣ። ጫካውን ከምንጠብቀው ዘጠኝ ሰዎች በሦስት ወር ውስጥ አንዱ ገደል ገብቶ ሞተ፤ አንዱ እግሩ ተቆረጠ።

መሥሪያ ቤታችን ችግር አይቶ ዝም የሚል አይደለም። ስብሰባ ጠራ። በጥልቀት ከተመከረ በኋላም ሰው የሚሞተው ሥልጠና ስለሌለው መሆኑ ተደረሰበት።

አሠልጣኝ ከከተማ መጣ። አንገቱ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለ፣ ጫማው አቧራ የማያውቅ ወጣት ነው። ሥልጠናው ስለ ጫካ ስለሆነ በአዳራሽ ተካሄደ። ጫካውን የወከለችው በጣሳ የተተከለች አንዲት አበባ ነበረች።

«ቁስለኛ የሚሆን ሰው ያስፈልገናል» አለና ዐይኑን አዙሮ እኔ ላይ ጣለው። «አባባ፣ እርስዎ ይሁኑ። ፊትዎ ብዙ ዝግጅት አይፈልግም።»

ሹመት ነውና ተቀበልኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ጉቶ «ሹመት ያዳብር» አለኝ። ጉቶ የምንለው አጭርና ድፍን ስለሆነ ነው። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት እባብ ሲነድፈኝ ከጫካው እስከ መኪና መንገዱ በጀርባው ያወጣኝ እሱ ነው። ያን ጊዜ ሥልጠና የሚባል ነገር ስላልነበረ ዝም ብሎ ተሸከመኝ። ከዚያ ወዲህ በክርክር ባሸነፍኩት ቁጥር «ጀርባዬን አትርሳ» ይለኛል፤ እኔም አፌን እዘጋለሁ።

አምስት ቀን ሙሉ ቆሰልኩ። አሠልጣኙ «አደጋ!» ሲል ወለሉ ላይ እዘረጋለሁ፤ ሌሎቹ እየተፈራረቁ ያስሩኛል፣ ይፈቱኛል። ከሁሉ የከበደችው ሕግ ይህች ነበረች፦ «ብዙ ሰው ሲጎዳ የሚጮኸው ይቆይ፤ ዝም ያለው ይቀደም።» ስለዚህ ዝም ማለትን ተማርኩ። በአምስተኛው ቀን እንደኔ ዝም የሚል ስላልተገኘ የምስክር ወረቀቱ «በከፍተኛ ማዕረግ» ተሰጠኝ። ቤት ወስጄ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት።

«ምን ተምረህ ነው?» አለች ባለቤቴ።

«መተኛት።»

«እሱንማ እኔም እመሰክርልህ ነበር።»

ከሥልጠናው በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ለጥበቃ ወጣን። ቁልቁለቱ ላይ ጉቶን ድንጋይ ከዳው። ወደቀ፤ ባቱ በስለታም ድንጋይ ተተረተረ፤ ደሙ ፈሰሰ። የቡድን መሪያችን «አደጋ!» ብሎ ጮኸ።

እኔ ተኛሁ።

አስቤበት አይደለም። የሠለጠነ ሰው አያስብም። ባልደረቦቼም ሠልጥነዋልና ከበቡኝ። አንዱ ራሴን ደገፈ፣ አንዱ እግሬን አነሣ፣ የያዝነው ፋሻ ሁሉ እኔ ላይ ተጠመጠመ።

«እናንተ ሰዎች! እኔ ነኝ እኮ የወደቅኩት!» ጉቶ ነው።

«ተራህን ጠብቅ» አለው መሪው። «የሚጮኸው ይቆይ ተብሏል።»

«ደሜ እየፈሰሰ ነው!»

«መናገር ከቻልክ ደህና ነህ።»

«አንተስ ሽማግሌ፣ ምን ሆንኩ ብለህ ነው? ተነሥ እንጂ!» አለኝ ጉቶ።

ልመልስለት ፈልጌ ነበር። ነገር ግን ቁስለኛ አይናገርም፤ እኔ ደግሞ ባለ ማዕረግ ነኝ።

ከዚያ ጉቶ ዝም አለ።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ሲል ሰምቼው አላውቅም። ዐይኔን ገለጥኩ። ከንፈሩ ገርጥቷል። ተነሣሁ።

«ተኛ! ገና አልጨረስንም!» አለኝ መሪው።

ፋሻውን ከእግሬ ላይ ፈትቼ፣ ቁስሉን በመዳፌ ተጭኜ፣ አጥብቄ አሰርኩት። አሠልጣኙ ይህን ሲያሳይ አላየሁም፤ ዐይኔን ጨፍኜ ነበር። አምስት ቀን የታሰረ ቆዳዬ ግን ያውቀዋል። ከዚያ ጀርባዬ ላይ አወጣሁት። ጉቶ ይከብዳል። ግማሽ መንገድ ላይ ነቃ።

«ማነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«አንተ ቆስለህ አልነበር እንዴ?»

«ድኛለሁ።»

የመሥሪያ ቤቱ ሪፖርት በሳምንቱ ወጣ፦ «የተጎዳ አንድ፤ በሠለጠነ የሰው ኃይል የዳነ አንድ።» የተጻፈው የኔ ስም ነው። ጉቶ ደግሞ ሳያስፈቅድ ከሥራ ቦታው ስለተለየ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈበት።

ደብዳቤውን ክሊኒክ ወሰድኩለት። አነበበው፤ እግሩን እስኪያመው ሳቀ።

«በል እንግዲህ፣ ጀርባዬን ርሳው» አለኝ። «ዕዳህን ከፍለሃል።»

ደስ አለኝ። በሩ ጋ ስደርስ ከኋላዬ ጠራኝ።

«ብቻ እኔ ያን ጊዜ፣ ከመሸከሜ በፊት አልተኛሁም።»