ጋሽ ይመጣል እና አሥራ ሁለቱ ስልኮች

ይህን የምጽፈው እየፈራሁ ነው። እኔ ጸሐፊ አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ፣ ከልጄ ደብተር ላይ ነው። አንድ መስመር ለመጻፍ የሚፈጅብኝ ጊዜ አሥር አንሶላ ያስተኩሳል። የተሳሳትኩት ካለ እንደ እህት እለፉኝ። ግን እሳቸውን የመሰለ ሰው አይቶ ዝም ማለትም ያንቃል።

ሰው ተሰብስቦ የሚሠራበት ቦታ ሁሉ፣ ቢሮም ይሁን ፋብሪካ፣ አንድ ጋሽ ይመጣል አለ። ከሌለ ቦታው ገና አልተከፈተም ማለት ነው። እናንተም ታውቋቸዋላችሁ። ስልካቸው ጥጋ ጥጉ የተላጠ፣ መስታወቱ የሸረሪት ድር የመሰለ፣ ጀርባው በፕላስተር የታሰረ ነው። ኩባንያው ያንን ሞዴል መሥራት ካቆመ ቆይቷል። መለዋወጫው ከገበያ ጠፍቷል። ነጋዴ ሲያየው ፊቱን ያዞራል። እሳቸው ግን በየጠዋቱ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ሰቅለው፣ ሴቲንጉን ከፍተው፣ "አዲስ አፕዴት ፈልግ" የሚለውን ይነካሉ። ስልኩ ያስባል። ደግሞ ያስባል። የለም ይላል።

"ይመጣል" ይላሉ ክቡርነታቸው፣ ስልኩን እንደ ሕፃን ደረት ኪሳቸው ውስጥ እያስተኙ። "ኩባንያ ነው እኮ። ኩባንያ ቃሉን አይበላም።"

የወጣላቸው ስም ከዚሁ ነው። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም ከደመወዝ ጸሐፊዋ በቀር የሚያስታውስ ያለ አይመስለኝም።

የምንሠራው አንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ነው። እሳቸውና እኔ አንሶላ አጣፊዎች ነን። ትልቅ አንሶላ በአንድ ሰው አይታጠፍም። አንዱ ከወዲህ፣ አንዱ ከወዲያ ጫፉን ይዞ፣ መወጠር፣ መጠጋት፣ ማቀበል፣ ደግሞ መራቅ ነው። እንዲህ ስንጠጋና ስንራራቅ አራት ዓመት ሆነን። እኔ አልናገርም፣ እሳቸው አያቆሙም፤ ተስማምተን ኖርን።

ነገሩ የጀመረው አለቆቻችን "ከእንግዲህ ተራ በስልክ ነው" ያሉ ጊዜ ነው። ማታ ማታ የነገ ተረኞች ስም ሆቴሉ ባወጣው አፕ ላይ ይወጣል። ጠዋት ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት በሩ ላይ ቆመን "ገብቻለሁ" የሚለውን መንካት አለብን። ያልነካ ሰው ተራው ውጭ ቆሞ ለሚጠብቅ ተለዋጭ ይሰጣል። ሦስት ጊዜ ያልነካ ስሙ ይሰረዛል። ያኔ ግማሾቻችን የነበረን ስልክ ከመደወል በቀር ምንም የማያውቅ ነበር።

ጋሽ ይመጣል ሦስት ሳምንት አጠኑ። ከዚያ አንድ ካርቶን ከፍ አድርገው፣ የመተኮሻ ማሽኑ አጠገብ ቆመው ንግግር አደረጉ።

"አንብቡ! ሰባት ዓመት አፕዴት! ሰባት ዓመት! ትዳር እንኳ እንዲህ ዓይነት ዋስትና አይሰጥም። ደግሞ ሁላችንም አንድ ዓይነት ከገዛን ቻርጀር እንዋዋሳለን። የአንዱ ቢሞት ለሌላው ዓይን ይለግሳል።"

አሥራ ሁለት ሰው ተሰልፎ አሥራ ሁለት አንድ ዓይነት ስልክ ገዛ። መንታ የወለድን ነበር የምንመስለው።

ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ ሞዴሉ ቆመ። ይህን የሰማነው ከሻጩ ነው።

"አባት፣ ይሄ ቆሟል" አላቸው።

"ቆሟል ማለት ምን ማለት ነው? መኪና ነው?"

"ኩባንያው አይሠራውም ማለቴ ነው።"

"አይሥራው! እኔ ሌላ መቼ ፈለግኩ? የሠራውን ይጠብቅ ነው የምለው።"

ከዚያ ወዲህ ያላንኳኩት በር የለም። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ወደ ኩባንያው የደንበኞች አገልግሎት ደውለው፣ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ለቀቁት። አርባ ደቂቃ ሙዚቃ ሰማን። ምሳችን ቀዘቀዘ። በመጨረሻ አንዲት ልጅ ብቅ አለችና "ስለዚህ ሞዴል አፕዴት በአሁኑ ሰዓት የምንሰጠው መረጃ የለም፤ ስለደወሉ እናመሰግናለን" ብላ ዘጋች።

ጋሽ ይመጣል እንደ አሸናፊ ዞር ብለው አዩን። "ሰማችሁ? አይመጣም አላለችም!"

ስቀን ሞትን። አሁን ሳስበው ያን ቀን ባንስቅ ይሻል ነበር።

ሞዴሉ ከመቆሙ በፊት የሆነ አንድ ነገር ደግሞ አለ። አንድ ማክሰኞ አሥራ ሁለቱም ስልክ ላይ አንድ ጽሑፍ ወጣ፤ ከሥሩ ሁለት መንኪያ አለው። በዚያው ሳምንት የመተኮሻ ማሽኑን የምትነዳው ሴት በሽልማት ስም በመጣ የሌባ መልእክት ካርዷን ተበልታ ነበር። ይህችን ሴት ቶሎ ስለምትግል "እንፋሎት" እንላታለን። ጋሽ ይመጣል ጽሑፉን አነበቡና ፊታቸው ተለወጠ።

"አትንኩት! ሌባ ነው! እውነተኛው ሲመጣ እኔ እነግራችኋለሁ።"

በዚህም አልበቃቸውም። በየጠረጴዛው እየዞሩ፣ የእያንዳንዱን ስልክ ተቀብለው፣ ጽሑፉን እምቢ ብለው፣ ዳግም እንዳይመጣ ሴቲንጉን ዘጉት። እኔ ጋ ሲደርሱ ስልኬ የልብስ ሳጥኔ ውስጥ ነበር። "የአንቺን ነገ እዘጋልሻለሁ፤ እስከዚያ እንዳትነኪው" አሉኝ።

አልነካሁትም። ቻርጀር ላይ ሰክቼ ተኛሁ። ሲነጋ ሰዓቱ ከጥግ ወደ መሃል ሄዷል፤ ሥዕሎቹ ክብ ክብ ሆነዋል። አበላሸሁት አልኩ። እኔ ስልኬን በንባብ አይደለም የማውቀው፤ የምፈልገው ነገር የት ቦታ እንዳለ ነው የማውቀው። ለማንም አልተናገርኩም። ጋሼ ሲጠይቁኝ "ዘግቼዋለሁ" ብዬ ዋሸኋቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኬን ሰው ፊት አላወጣም፤ "ገብቻለሁ" ስነካ እንኳ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ።

እንዲህ ሆነን ሁለት ዓመት ኖርን። ባለፈው ሐሙስ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ከሰኞ ጀምሮ አፑ በአሮጌ አፕዴት አይከፈትም ይላል። ዓርብ ዕለት በሁሉም ስልክ ላይ ቀይ ማስጠንቀቂያ ወጣ። የእኔ ላይ ምንም አልወጣም። ለማስጠንቀቂያ እንኳ የማይበቃ ስልክ ሆነ አልኩ።

እንፋሎት ማሽኗን አጥፍታ መጣች። ያ ማሽን በሥራ ሰዓት ጠፍቶ አያውቅም። ሲጠፋ ክፍሉ ጭር አለ።

"ጋሼ፣ በሦስት ቀን አዲስ ስልክ ከየት ላምጣ? ከሰማይ?"

"አይ ልጄ፣ ይመጣል፣ እንዲያውም እኮ..."

"ይቺን ቃል ዳግም እንዳልሰማት! ሦስት ልጅ ነው ያለኝ። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፤ በቃ፣ ስሜ ተሰረዘ። ሰባት ዓመት ብለው ካርቶን ያነበቡልን እርስዎ ነዎት። እርስዎ!"

ማንም አልሳቀም። ጋሽ ይመጣል የያዝነውን አንሶላ በወዲያ በኩል ለቀቁት፤ መሬት ነካ። መሬት የነካ አንሶላ እንደገና ይታጠባል። በአራት ዓመት ውስጥ አንድም ጥለው አያውቁም።

እሁድ ከሰዓት ሻጩ ጋ ሄዱ። "ነይ፣ ምስክር ሁኚኝ፤ እምነት ያጡ ሰዎች እኔ ብቻዬን ብናገር አያምኑኝም" ብለው እኔንም ወሰዱኝ። ሻጩ ስልካቸውን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየው።

"አባት፣ ይሄ ስልክ እኮ በዕድሜው አንዲት አፕዴት ወጥታለት ነበር። ሁለት ዓመት ሆናት። እሷን የወሰደ ሰው አፑ እስካሁን ይከፈትለታል። እርስዎ አልወሰዷትም። እንዲያውም እንዳትመጣ ዘግተውባታል።"

"አሁን ክፈታታ!"

"አሁንማ ኩባንያው አንስቷታል። ሞዴሉ ሲቆም አብራ ተነሣች።"

"መቼ ነበር የመጣችው?"

ሻጩ ወሩን ነገራቸው። ጋሽ ይመጣል አመሰገኑት፤ ጎንበስ ብለው፣ እንደ ልቅሶ ቤት። ከሱቁ ወጥተን አውቶቡስ መጠበቂያው ወንበር ላይ ተቀመጡ። አንድ አውቶቡስ መጥቶ ሄደ። ሌላም መጥቶ ሄደ።

"ያቺ ማክሰኞ ናት" አሉ። "መጥታ ነበር። በየጠረጴዛው ዞሬ፣ በዚህች ጣቴ፣ የእያንዳንዳችሁን ስልክ እየተቀበልኩ አባረርኳት።"

ጣታቸውን የሌላ ሰው ይመስል ያዩታል። እኔ ኪሴን በእጄ ጨበጥኩ።

"ነገ በሩ ላይ እነግራቸውና ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። እንፋሎት እኔን መንግላ ብትጥለኝ እውነቷን ነው። ምን ፊት ይዤ አንሶላ እይዛለሁ?"

በመጨረሻ ስልኬን አውጥቼ ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩት። መነጽራቸውን ሰቀሉ። ክብ ክብ የሆኑትን ሥዕሎች አዩ። ሴቲንጉን ከፈቱ። አፑን ነኩት፤ ተከፈተ። ዘጉት፤ እንደገና ነኩት፤ አሁንም ተከፈተ።

"አንቺ ልጅ... ይሄ እንዴት ሆነ?"

"አልነካሁትም ጋሼ። አትንኪው ብለውኝ ትቼው ተኛሁ። ራሱ ነው። ያበላሸሁት መስሎኝ ፈርቼ ዋሸሁዎት።"

ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያለቀሱ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ሳቅ ነው። ወይም ሁለቱም ነው።

"አሥራ አንዳችን በድፍረት ዘጋናት" አሉ። "አንቺ ፈራሽና ገባችልሽ።"

አፑ የሚከፈተው በስልክ ቁጥርና በመልእክት በሚመጣ ኮድ ነው። ኮዱ በአሮጌውም ስልክ ይመጣል። በእኔ ስልክ የአንዱ ተነክቶ ሲወጣ የሌላው ቁጥር ይገባል። ይህን ያሰቡት እሳቸው ናቸው፤ እዚያው ወንበር ላይ፣ እንባቸው ሳይደርቅ።

"ጋሼ" አልኳቸው፣ "የማክሰኞዋን ነገር እኔ ለማንም አልናገርም። ማንም አያውቅም። እርስዎም ይተዉት።"

"አንቺ አትናገሪ" አሉኝ። "እኔ ነኝ የምናገር።"

በማግሥቱ ሁላችንም ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት በሩ ላይ ነበርን። ተለዋጮቹም ወሬ ደርሷቸው በዝተው መጥተዋል፤ ዓይናቸው እኛ ላይ ነው። ጋሽ ይመጣል ኮፍያቸውን አውልቀው ተናገሩ። አላሳጠሩም፣ አላሳመሩም። መጥታ እንደነበር፣ ሌባ ብለው እንዳባረሯት፣ የእያንዳንዱን ስልክ በእጃቸው እንደዘጉ አንድ በአንድ ተናገሩ። ከዚያ ስለ እኔ ስልክ ተናገሩና ወደ ኋላ ሄደው፣ ከሰልፉ ውጭ፣ ግድግዳው ሥር ቆሙ።

እንፋሎት ፊቷ ቀላ። ሌሎቹ ዞር ብለው እንኳ አላዩዋቸውም። ሰዓቱ እየሄደ ነው። ለአንድ ሰው ሁለት ደቂቃ ግድ ይላል፤ ሰዉ ደግሞ አሥራ ሁለት ነው። እንፋሎት ከሰልፉ ፊት ቆማ ስልኳን ዘረጋችልኝ።

"ጀምሪ እንጂ! የእኔ ቁጥር ዜሮ ዘጠኝ..."

እኔ በዚያ በር ላይ አራት ዓመት ስገባ ስወጣ ከሰላምታ ያለፈ ቃል ተናግሬ አላውቅም። ፊደል ያስቸግረኛል እንጂ ቁጥር አያስቸግረኝም፤ የአንሶላ ጓደኛዬን ቁጥር በቃሌ ነው የማውቀው። እሱን አስገባሁ። ግድግዳው ሥር፣ ደረት ኪሳቸው ውስጥ፣ ስልካቸው ጮኸ።

"ጋሼ" አልኩ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ፣ "ኮዱን ያንብቡልኝ።"

አልተንቀሳቀሱም። እንፋሎት አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን አየች። ትጮሃለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

መነጽራቸውን ሲፈልጉ ሰማሁ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው ይመስል፣ "አራት... ዜሮ... ሰባት..." አሉ።

"ጮክ ይበሉ እንጂ ጋሼ!" አለች እንፋሎት። "ልጅቷ አልሰማችም፤ ሰዓቱ እኮ ሄደ!"