የሚንቀጠቀጥ በትር በሶዶ ጎዳና

የሰው እጅ ሁሉ አንድ ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ በዕድሜው ጎደሬ ቆፍሮ አያውቅም ማለት ነው። እኔም አላውቅም ነበር። ሶዶ ከተማ ስልክ እጠግናለሁ፤ የማነሳው ትልቁ ብረት ካቻቢቴ ነው።

ጎረቤቴ ጋሽ ማርቆስ መምህር ናቸው፤ ዓይናቸው ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ጠዋት ጠዋት እጃቸውን ይዘው ትምህርት ቤት የሚያደርሷቸው ባለቤታቸው እትዬ አስቴር ናቸው። በዚህ ምክንያት እትዬ አስቴር የቦዲቲውን የቅቤ ንግዳቸውን ትተዋል። ጋሽ ማርቆስን ከዓይናቸው መጥፋት ይልቅ ያንገበገባቸው ይኸው ነው። «ብቻዬን የምሄድበት ነገር ሥራልኝ» አሉኝ። እምቢ የሚል አንጀት ከየት ይምጣ?

ሐሳቡ ቀላል ነው። በትሩ ላይ ፊት ለፊት ያለውን የሚያውቅ ሴንሰር ይገጠማል፤ አንድ ነገር ሲቀርብ መያዣው ውስጥ ያለች ትንሽ ሞተር ትንቀጠቀጣለች። ስልካችሁን ኪሳችሁ ውስጥ የምታንቀጠቅጠው ያቺው ናት፤ ዘንጓ ላይ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ብረት ስላላት እየተወላገደች ትዞራለች፣ ሌላ ጥበብ የላትም። ጣጣው ልኳን ማግኘቱ ላይ ነው። ከሞተ ስልክ አንዷን ነቅዬ ገጠምኩ፤ እኔ እጅ ላይ ግሩም ነበረች። ጋሽ ማርቆስ ግን በትሩን ጨብጠው «መቼ ነው የምትጀምረው?» አሉ። ለካስ ከማስተማሩ ጎን ለጎን ጎደሬ ሲቆፍሩበት የኖሩት መዳፍ ቆዳው ጫማ ሆኗል! ተናድጄ የመጫወቻ መኪና ሞተር ገጠምኩ። ይኼኛው ደግሞ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን አናጋው። በመጨረሻ በራሴ እጅ መለካቱን ትቼ፣ ወደ ትንሿ ተመልሼ፣ ብረቷ እንድትከብድ የብየዳ እርሳስ እያንጠባጠብኩባት በእሳቸው መዳፍ ስለካ ልኩ ተገኘ።

ግቢያቸው ውስጥ ሞከርነው። አጥሩን፣ እንሰቱን፣ ላሚቱን ሳይቀር ሳይነኩ አለፉ። እኔም ለራሴ የሊቅነት ማዕረግ ሰጠሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ሰኞ ጠዋት ብቻቸውን ወጡ፤ እኔና እትዬ አስቴር ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ሆነን ተከተልን። በትሩ ከበር ሳይርቁ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ አላቆመም። ግንብ አይደለም፣ ባጃጅ አይደለም፤ ሰው ነው! የሶዶ ሰው መምህሩ ብቻቸውን ሲሄዱ አይቶ በሩቁ እጅ አውለብልቦ የሚያልፍ ይመስላችኋል? የቀድሞ ተማሪው፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው፣ ባጃጅ ነጂው ሳይቀር በወላይትኛ «ሳሮ?» ብሎ ሰላም እያለ እጃቸውን ይጨብጣል፤ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ይጠይቃል፤ ከዚያ «እኔ ላድርስዎት» ይላል። ሴንሰሬ እንቅፋትን ከወዳጅ መለየት አልተማረም። ጋሽ ማርቆስ በሰባት ሰው ታጅበው ትምህርት ቤት ሲደርሱ አንድ ክፍለ ጊዜ አልፎ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ በኀፍረት ልቅሶ ቃጣኝ።

እትዬ አስቴር ግን በሳቅ ፈረሱ። «ይሄ ሁሉ ሰው እያለ ነው ሁለት ዓመት ገበያዬን ያስቀረሁት?» አሉና በማግስቱ የቦዲቲን መኪና ያዙ።

ጋሽ ማርቆስም በትሩን አልመለሱም፤ ሴንሰሩ እንዳለ ሆኖ፣ አውራ ጣታቸው ሥር ሞተሯን ሌላ ሰው እስኪሰማት የምታስጮህ አንዲት ቁልፍ ብቻ አስጨመሩኝ። አሁን ሰላምታው ሲረዝምባቸው ይጫኗታል፣ በትሩ እያጓራ ይንቀጠቀጣል፣ «ይቅርታ ወንድሜ፣ በትሩ ጠራኝ» ብለው ይሄዳሉ። ማንም አይቀየም፤ በዚህ ዘመን መሣሪያ ጠርቶት የሚቀር ማን አለ? ሁልጊዜ በሰዓታቸው ይደርሳሉ።

ትናንት መንገድ ላይ አገኘኋቸውና፣ ከባቄላ ፍሬ የማትበልጠውን ቀጣይዋን ሞተር እንዴት እንዳሰብኳት ማስረዳት ጀመርኩ። ገና ስለ ዘንጓ ተናግሬ ሳልጨርስ በትሩ እያጓራ ተንቀጠቀጠ።