የቡሬ መድን

«ይቺ ዶሮ የእርስዎ ናት?» አለኝ ሰውየው፣ ከመኪናዬ የኋላ ወንበር አንገቱን ሳያወጣ።

«የጎረቤት ናት።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለች?»

«ታቅፋለች።»

ወጣና ወረቀቱ ላይ ጻፈ። እኔ አንድ ቃል ነው የተናገርሁት፤ እሱ ሦስት መስመር ሞላ። ፊደል አልቆጠርሁም፤ መስመር መቁጠር ግን አያቅተኝም። ቀጥሎ ጋዜጣ አነጠፈና በጀርባው ተንሸራቶ ከመኪናው ሥር ገባ። ሱሪው የተተኮሰ ነው። የከተማ ሰው ለእኔ መኪና ብሎ አፈር ላይ ሲተኛ ባይ ጊዜ፣ አልዋሻችሁም፣ ደረቴ ነፋ አለ።

መኪናው ቡሬ ይባላል። ስሙን ያወጣለት አገሩ ነው። አንድ በሩ አረንጓዴ፣ አንዱ ነጭ፣ ኮፈኑ ደግሞ ቀይ ይሁን ዝገት እንጃ። የበሬ መልክ እንዲህ ሲዥጎረጎር ቡሬ ነው የምንለው፤ መኪናስ ከበሬ በምን ያንሳል ብለው አወጡለት። ከሣር ክዳኑ ዳስ ሥር ከቆመ ብዙ ጊዜው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አጥበዋለሁ። በአሥራ አምስት ቀን አንዴ አስነሣዋለሁ፤ ትንሽ አጓርቶ፣ ትንሽ ስሎ፣ መልሶ ይተኛል። እኔም እንደዚያው ነኝ።

ሰውየው ሀብታሙ ይባላል፤ በሞተር ብስክሌት ከደብረ ታቦር እኛ ድረስ፣ ወገዳ ዳር፣ የመጣ የመድን ሰው ነው። የላከችው ልጄ ይርገዱ ናት፤ እሷም ደብረ ታቦር ታስተምራለች። የግዴታውን መድንማ በየዓመቱ እያመጣች መስተዋቱ ላይ ትለጥፍልኛለች። ይኸኛው የውዴታው ነው፦ ሥራ ትቶ ቤት ለቆመ፣ ለፍቅር ብቻ ለሚቀመጥ መኪና፣ ቢቃጠል ቢሰረቅ የሚተካበት።

«ሆቢ ይባላል፣ አባት» አለኝ ሀብታሙ።

ቃሉን በልቤ ደጋገምሁት። እኛ እንዲህ ላለው ነገር ደህና ስም የለንም። የማያርስ በሬ ስትቀልብ የተገኘህ እንደሆነ «ምን ሊሆንህ ነው?» ትባላለህ፤ መልስ ካጣህ ጎረቤት መልሱን ራሱ ያበጅልሃል፣ የሚያበጀውም አያምርም። ሟች ባለቤቴ ብርቄ ቡሬን «ጣውንቴ» ነበር የምትለው። ለካ ሌላ አገር ለዚሁ ነገር ስም አውጥተውለት፣ መድን ሠርተውለት ኖሯል። ሰው ብቻውን አያብድም ማለት ነው።

ይርገዱ ይኸን ነገር ያሰበችው ከአምናው እሳት ወዲህ ነው። በጥር፣ አውድማ በተነሣ ሰሞን፣ የጎረቤቴ የአድማሱ የገብስ ጭድ ክምር ተያያዘ። ክምሩን ከቡሬ ዳስ የሚለየው አጥር ብቻ ነው። ነፋሱም ወደኛ ነበር። ቡሬን ላስነሣ ብል አልነሣ አለ፤ የሚነሣበት ሳምንት አልነበረም። ያን ጊዜ አድማሱ፣ ከብቱ ዓመት ሙሉ የሚበላው ጭድ እየነደደ፣ ጀርባውን ለክምሩ ሰጥቶ አጥሩን ጥሶ መጣና ትከሻውን ከቡሬ ኋላ አስደግፎ መንደሩን ተጣራ። ገፍተው አወጡት። ክምሩ ዐመድ ሆነ፤ ቡሬን ጭስ እንኳ በወጉ አልነካው። ያን ዓመት የአድማሱ ከብቶች ከእኔ ጭድ በሉ። ስለዚህ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። ዘንድሮም ክምሩን እዚያው ከመረ፤ አባቱ የከመሩበት ቦታ ነው።

ይርገዱ ወሬውን ስትሰማ «በሚቀጥለውስ ማን ይገፋል፣ አባዬ?» አለችኝ። የተማረ ሰው ጥያቄ ነው። መልስ የለውም፤ ቢኖረውም ወረቀት ላይ ነው።

ቡሬ ግን ሁልጊዜ እንዲህ ዶሮ አቃፊ እንዳይመስላችሁ። ጌታው የነፋስ መውጫ እህል ነጋዴ ነበሩ፤ እኔ መጀመሪያ ረዳት፣ ኋላ ሾፌር። ከጋይንት ገብስ፣ ከእስቴ ስንዴ፣ ከስማዳ ባቄላ፤ ከእህሉ በላይ ደግሞ ሰው። ያኔ መንገድ የሚባለው ነገር ከወንዝ የሚለየው ወንዝ ውሃ ስላለው ነበር፤ ክረምት ሲገባ እሱም ልዩነት ይቀራል። ጭቃ ሲይዘን ወርደን እንገፋለን። የቡሬ ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ ከየጎጡ ሰው ይወጣል፦ ሕመምተኛ ያለው፣ መልእክት ያለው፣ ምንም ሳይኖረው ወሬ ብቻ የጠማው። ከጋይንቱ ቤተ ልሔም የሚመጡ የድጓ ተማሪዎች አኩፋዳቸውን አንግተው ሲሳፈሩ ጌታው ዋጋ አይጠይቋቸውም፤ «በዜማ ይክፈሉ» ይላሉ። ዳገቱን በዜማ ነበር የምንወጣው። ቁልቁለቱን በጸሎት። አሁን መኪና ሲመጣ ቀና ብሎ የሚያይ የለም፤ ዘንድሮ ሰው ቀና የሚለው መኪና ሲቀር ነው።

ብርቄንም ያመጣኋት በቡሬ ነው። ሚዜዎቼ በቅሎ ይሻላል ቢሉኝ አሻፈረኝ አልሁ። ከመካነ ኢየሱስ እስከ ወገዳ መንገዱን ሙሉ አስታወከች። ደርሳ ስትወርድ የአማቷን ጉልበት ሳትስም የሚዜዬን በቅሎ አንገት አቀፈች። እንግዲህ ሰው ፊት ነው ይኸ ሁሉ። ይሁንና ከዚያ በኋላ የመንደሩ ሙሽራ በሙሉ በቅሎ እምቢ አለ፤ በቡሬ ካልሆነ አላገባም ያለችም ነበረች። ብርቄ እልል ብላ ትሸኛቸውና፣ አቧራው እስኪጠፋ ቆማ ታያቸውና፣ «ያስታውካቸዋል» ትላለች። በደስታ ነው የምትለው።

ጌታው ሞቱ፣ ትልልቁ የጭነት መኪና መንገዱን ያዘው፣ ልጆቻቸውም ቡሬን «ላንተ ይሁን» አሉኝ። ከደጃቸው ገለል እንዲልላቸው ነው። እኔ እንደ ርስት ተቀበልሁ።

ሀብታሙ ከሥር ወጥቶ ሱሪውን አራገፈ። «ዕድሜውን ሲያዩት ደህና ነው» አለ። ከዚያ የሾፌሩ ወንበር ላይ ልቀመጥ ወይ ብሎ አስፈቀደኝ። ተቀመጠና መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። መሪው ከእጄ ብዛት አልቆ የብርሌ አንገት መስሏል። ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ አለው። ይኸን ጊዜ ምንም አልጻፈም።

ወርዶ ግን ሥራው ትዝ አለው። «ዋጋውን የምንተምነው ተስማምተን ነው፣ አባት። ቢጠፋ ምን ይተካልዎት?»

«ይኸንኑ።»

«ይኸንኑማ ከየት እናመጣለን?»

«እኔም እሱን ነው የምለው።»

አንገቱን ነቀነቀና ግዴታዎቹን አነበበልኝ። ዳሱ ይዘጋል፣ ይቆለፋል። አጠገቡ ጭድ አይከመርም። ዶሮ አይገባም። እንዳይዝግ ብሎ ቀረብ ያለ ቦታ ነዳ ማድረግ ይቻላል፤ ሰው መጫን ግን የለም። ለሠርግ የለም፣ ለለቅሶ የለም፣ ለምንም የለም። «በዚህ ከተስማሙ እዚህ ላይ በአውራ ጣትዎ ይፈርማሉ» አለና የቀለሙን ጣሳ ከፈተልኝ።

አሁን ጉድ መጣ። እሑድ የአድማሱ ልጅ ሠርግ ነው። ሙሽራዋ በቡሬ ልትሄድ ቃል ከሰጠሁ ከርሟል። ጣቴን ባሳርፍ፣ ጭዱን ለእሳት ሰጥቶ መኪናዬን ያተረፈልኝን ሰው፣ ልጅህን እንደ ፍጥርጥርህ አድርጋት ልለው ነው። ባላሳርፍ፣ ቡሬ ነገ የነደደ እንደሆነ ዐመድ ታቅፌ እቀራለሁ። ዋሽቶ መፈረም አለ ትሉኝ ይሆናል። ፊደል ለማያውቅ ሰው ጣት መሐላ ነው። የተማረ ሰው ይፈርምና ወረቀቱን ትቶ ይሄዳል፤ እኔ የፈረምሁበትን ጣት ይዤው እዞራለሁ።

ጣቴ አየር ላይ ቀረ።

እኛ ጋ ወረቀት የያዘ ሰው ግቢ ከገባ ጎረቤት ሳይጠራ ይመጣል። አድማሱ መጣ። የዶሮዋ ባለቤት ዘነቡ መጣች። ቤተ ልሔም ተምረው የመጡት መሪጌታም፣ ለሌላ ጉዳይ የሚያልፉ መስለው፣ ገቡ።

«ምንድነው ነገሩ?» አለ አድማሱ። እኔን አይደለም የጠየቀው፤ ዝምታዬን ያውቀዋል።

ሀብታሙ አንድ ሳይደብቅ አስረዳ። ሠርግ የሚለው ላይ ሲደርስ አድማሱ መሬት መሬት አየ።

«ግድ የለህም፣ አያ ታረቀኝ፣ ፈርም» አለኝ። «በቅሎ እለምናለሁ። ብርቄም በቅሎ ትወድ ነበር።»

ሣቅሁ። ጣቴን ግን አላወረድሁም።

«ቆይ እስቲ» አለች ዘነቡ፣ ወደ ሀብታሙ ዞራ። «መድን መድን የምትለው፣ ቢጠፋ የሚተካው ማነው?»

«ብዙ ሰው አስቀድሞ ያዋጣል፣ እናቴ። የጠፋበት እንደሆነ ከተዋጣው ላይ ይተካለታል።»

«እሱማ ቅርጫ ነው በለኛ! ምን ከደብረ ታቦር አስመጣህ?»

ያለችው እውነት ነው። እኛ አገር በሬ ገደል ሲገባ ኡኡ ይባላል፤ ሰው ቢላዋውን ይዞ ይሮጣል። ሳይሞት መታረድ አለበት፤ ካለዚያ በክት ነው፣ አይበላም። ሥጋው በየመደቡ ይከፋፈልና እያንዳንዱ ቤት፣ አማረውም አላማረውም፣ አንድ መደብ ያነሣል። ለመደቡ የሚከፍለው ተሰብስቦ ባለ በሬው ሌላ በሬ ይገዛበታል። ሥጋው ጠነከረ ብሎ የሚያማርር ሰው አይቼ አላውቅም። ሁሉም በሬ አለው፤ ገደሉም የሁሉም ነው።

«ቡሬስ ቢወድቅ ቅርጫ አንገባለትም ወይ?» አለች ዘነቡ፣ ወገቧን ይዛ።

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሳይታረድ ከሞተ ግን በክት ነው።»

ሁላችንም እሳቸውን አየን። ነገሩ ከበድ ያለ መስሎን ነበር።

«ብረት በክት የለበትም» አሉ በመጨረሻ፣ ራሳቸው ጠይቀው ራሳቸው መልሰው። «ዓርብም ቢሆን።»

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማቸው።

«ባሌስትራው የኔ!» አለ አድማሱ። «ከቀጥቃጭ ወስጄ ማረሻ አስመታዋለሁ።»

«መስታወቶቹ የኔ፤ ለልጆቼ ፀጉር መሥሪያ» አለች ዘነቡ። «የኋላ ወንበሩም የኔ።»

«ሁለት መደብ ማን ሰጠሽ?» አላት አድማሱ።

«ወንበሩን የያዘችው ዶሮዋ ናት። ከሷ ተከራከር።»

መሪጌታ ጎማዎቹን ለተማሪዎቻቸው ጫማ ጠየቁ፤ ክላክሱንም ለቤተ ክርስቲያን፣ ደወሉ ተሰንጥቋልና። ሀብታሙ ብዕሩን እንደያዘ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው አፍ ያያል።

መኪናዬ በቁሙ፣ ዓይኔ እያየ፣ ተመደበ። መጀመሪያ ደሜ ፈላ። ሰው የሰውን ንብረት በሕይወቱ እንዲህ ይቀራመታል? ኋላ ግን አስተዋልሁ። እያንዳንዳቸው መደባቸውን የሚጠሩት ሄደው በእጃቸው እየነኩ ነው። አድማሱ ባሌስትራውን ለማየት ጉልበቱ አፈር ላይ ነበር፤ ስንት ቅጠል እንዳለው፣ የትኛው እንደተሰበረና የት ዳገት ላይ እንደተሰበረ ያውቃል። የተሰበረ ቀን ገፊዎቹ መካከል ነበረ። ዘነቡ መስታወቱን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፤ እሷም በቡሬ የመጣች ሙሽራ ናት፣ እሷም አስታውካለች። ሀብታሙ ለቡሬ ዋጋ ሲፈልግ ዋለ። ዋጋው ይኸው ቆሞ ይጨቃጨቃል።

ጣቴን አጠፍሁ።

«እሑድ ሙሽራዋ በቡሬ ትሄዳለች» አልሁ። ከጧት ጀምሮ ከተናገርሁት ሁሉ ረጅሙ ነው።

አድማሱ ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳብ አደረገ። ዘነቡ እልልታዋን ስታቀልጠው ዶሮዋ ደንግጣ ከወንበሩ ዘለለች፤ ነገሩ ሠርግ መሆኑ ሲገባት ተመልሳ ታቀፈች።

«የጭዱ ነገር ግን» አሉ መሪጌታ፣ «የመድኑ ልጅ እውነቱን ነው።»

አድማሱ የአባቱን ቦታ ቆም ብሎ አየው። ወደ ቡሬ አየ። ከዚያ ሄዶ መንሹን ይዞ መጣ። እኛም ተከተልነው፤ ክምሩን አፍርሰን ከግቢው ማዶ፣ ነፋስ የማያገኘው ቦታ፣ መልሰን ከመርነው። ሀብታሙም ኮቱን አውልቆ ጭድ ተሸከመ። ያ የተተኮሰ ሱሪ ገብስ ለበሰ።

በመካከሉ ይርገዱ ደወለች።

«አባዬ፣ መድኑን ገቡ?»

«ገባሁ።»

«ጣትዎን አሳረፉ?»

«ጣቴ ደህና ነው።»

ስልኩን ዘጋሁ። ሀብታሙ ሰምቶ ሣቁን በጭድ አፈነው። «እኔ አስረዳታለሁ» አለ። እንዴት እንደሚያስረዳት እንጃ።

ሲመሽበት ያልተፈረመውን ወረቀት አጥፎ ቦርሳው ከተተ፣ እጅ ነሥቶ ወጣ፣ ሞተሩንም አስነሣ። ሄደ ስል ከአጥሩ ደጅ አጠፋውና ተመለሰ። በቡሬ መስኮት ወደ ውስጥ አንገቱን አሰገገ፤ ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንዲህ አለኝ።

«አባት፣ መሪውን እስካሁን የጠራው የለም አይደል? እንግዲያው እሱ ለእኔ ይመደብልኝ።»