ዝቅ ያለው ሁሉ ከፍ ይበል

ሌሊቱን በሕልሜ ሬዲዮ ሲያዳምጠኝ አደረ።

አዳማጩ እሱ ነው። ሶፋው ላይ ተመቻችቶ ተቀምጦ፣ እኔን መሬት አስቀምጦ፣ «ተናገሪ እንጂ፣ ምን ይዘጋሻል?» ይለኛል። ስናገር ደግሞ ጆሮዬን ይዞ ያዞረዋል። «ከፍ አልሽ» ሲል ወደ ግራ፣ «ዝቅ አልሽ» ሲል ወደ ቀኝ።

ሕልሙ ከየት እንደመጣ አውቀዋለሁ። ልጄ ማስተዋል በከተማችን ሬዲዮ ጣቢያ ለሙከራ ተቀጥራለች። ሥራዋ የተቀዳ ዝግጅት ድምፅ ማስተካከል ነው፤ አንዱ ሲጮህ ሌላው ሲያንሾካሹክ አድማጭ ሬዲዮኑን ከፍ ዝቅ ሲያደርግ እንዳይውል፣ የጮኸውን ታወርዳለች፣ ዝቅ ያለውን ታነሳለች። ሥራ አስኪያጁ አቶ ግርማቸው፣ ጠዋት የሚተላለፈው ዝግጅት ካልተስተካከለ እንሰነባበታለን ብሏታል። ታዲያ እኔ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል? ወሰደኝ ግን።

በሕልሜ ከቤት ወጣሁ። ሰማይ ሲያጓራ የከንቲባው ጽሕፈት ቤት ሰዎች ሮጠው መጥተው በብርድ ልብስ አፈኑት። ጉንዳን ስትራመድ ግን የጣሪያው ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። መናኸሪያ ውስጥ አውቶቡሶቹ በሹክሹክታ «ይቅርታ፣ እንለፍ» እያሉ ይሄዳሉ። አንዲት ትንኝ አስፋልቱ መሐል ጥሩምባ እየነፋች መንገደኛውን ሁሉ ታስለቅቃለች።

ማስተዋል መናኸሪያው ሰገነት ላይ ቆማለች። አለቃዋ ዶሮ ናት፤ መነጽር አድርጋለች።

«እስኪነጋ ከተማው እኩል ካልሆነ ልጅሽን አሰናብታታለሁ» አለችኝ።

«ኧረ እመቤት፣ ልጄ እኮ ጎበዝ ናት!»

«የእኔም ባል ጎበዝ ነበር። ጠዋት ጠዋት ይጮህ ነበር። አወረድነው፤ አሁን እንቁላል ታቅፎ ተቀምጧል።»

ማስተዋል አፏን ከፈተች። «እማዬ» እንዳለች ከከንፈሯ ገባኝ፤ ድምፅ ግን የለም። ጆሮዬን ደረቷ ላይ ለጠፍኩ። ጭር ብሏል። የልጄን ድምፅ እስከ መጨረሻው አውርደውታል።

ወደ ከንቲባው ጽሕፈት ቤት በረርኩ። ሹማምንቱ ከነክራቫታቸው በሩ ላይ ተሰልፈው እኔን ይጠብቃሉ።

«እናቴ፣ ዛሬስ ይፈርሙልን ይሆን?» አለኝ የፊተኛው፣ ኮፍያውን ደረቱ ላይ አድርጎ።

«ነገ ተመለሱ!» አልኩ፤ ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። «መጀመሪያ የልጄን ድምፅ አምጡ!»

«እሱማ እርስዎ ጋ ነው። ለአንድ ቤት የሚመደበው ድምፅ አንድ ነው፤ የእርስዎ ስጋት ጠቅልሎ ወስዶታል። ስጋትዎን ዝቅ ያድርጉ፣ እሷ ከፍ ትላለች።»

ለልጄ ስል ምን የማላደርገው አለ? ዝም አልኩ። በሐሳቤ ሳይቀር ዝም አልኩ። ግን በዚያ አገር ዝቅ ያለ ሁሉ ከፍ ይደረጋል፤ ዝም ባልኩ ቁጥር ስጋቴ ከደረቴ እየወጣ ከተማው ላይ አስተጋባ። «ትባረራለች! ዝናብ ይመታታል! ሳንባዋን ያማታል! ማንም አያገባትም!» ሰው ወንበር እያወጣ ሊሰማ ተቀመጠ። ዶሮዋ በክንፏ አጨበጨበች። ማስተዋል ፊቷን ሸፈነች። አፌን በሁለት እጄ ብይዘው ድምፁ በጣቶቼ መሐል እየሾለከ...

ነቃሁ።

ነግቷል። ማስተዋል ወደ ሥራ ሄዳለች። ሬዲዮው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ዝግጅቷ ተጀምሯል። ጎረቤታችን ጋሽ ዘለቀ ስለ ድሮው ወንዝ ይናገራሉ። እኚህ ሰው አንዴ ይጮሃሉ፣ አንዴ ድምፃቸው ይጠፋል፤ አሁን ግን ጥርት ብሎ፣ ከዳር እስከ ዳር እኩል ሆኖ ይሰማል። «ተመስገን!» አልኩ። እንባዬ መጣ። ጋሽ ዘለቀ ትንፋሽ ሊወስዱ ቆም አሉ።

በዚያች ዝምታ መሐል፣ ልክ የእሳቸውን ያህል ከፍ ብሎ፣ የሴት ድምፅ መጣ።

«ይህች ልጅ እዚያ መሥሪያ ቤት አትከርምም። ያ ግርማቸው እንደሆነ፣ ፊቱ እንደ...»

ጋሽ ዘለቀ ስለ ወንዙ ቀጠሉ።

እኔ ነኝ። ሽማግሌውን የቀዳቻቸው እዚሁ ሳሎናችን ውስጥ ነው፤ እኔ ያኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሽንኩርት እየከተፍኩ ለራሴ አጉረመርም ነበር። ልጄ ዝቅ ያለውን አንዱንም ሳታስቀር ከፍ አድርጋዋለች።

ስልኬ ጮኸ።

«ግርማቸው ነኝ፣ የማስተዋል ሥራ አስኪያጅ» አለ፣ ረጋ ብሎ። «እናቴ፣ ስቱዲዮ ውስጥ ሁላችንም ተሰብስበናል፤ እሷም አጠገቤ ቆማለች። ‹ፊቱ እንደ› ካሉ በኋላ ጋሽ ዘለቀ አቋረጡዎት። እንደ ምን ነው?»