አጀንዳ ሦስት፦ የጃርቱ ጉዳይ

ይሄን ወሬ መጀመሪያ የነገረችኝ ዘመነች ናት፤ ቀራንዮ ታክሲ መያዣው ጋ ድንችና ሽንኩርት የምትሸጠው፣ ወሬ ከያዘች ሚዛኑን የምትረሳው። አንድ ጠዋት ገና ሰላም ሳልላት፣ "ጋሼ፣ ጉድ አልሰሙም? አቶ ደግፌ ጃርቱ ዕድር የገባው ያለ ደንብ ነው ብለው መግቢያ መውጫ አሳጡን" አለችኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጣል። እኔ ግን በዕድሜዬ ያላየሁት ነገር ስለሌለ፣ የየትኛው ሰፈር ጃርት ነው ብዬ ብቻ ጠየቅኳት።

አቶ ደግፌ የዕድራችን ሰብሳቢ ናቸው። አናውቃቸውም ማለት አትችሉም፤ ስማቸው ሌላ ይሆናል እንጂ እናንተም ሰፈር አሉ። በየሰፈሩ መብራት ላይኖር ይችላል፣ ውሃም በፈረቃ ይመጣ ይሆናል፤ ደንብ የሚጠብቅ ሰውዬ ግን ጠፍቶ አያውቅም። ነገሩ ሁሉ ተስማምቶ፣ ሰው ሊጨባበጥ እጁን ሲዘረጋ፣ ይሄ ሰውዬ ከኋላ ጉሮሮውን ይጠርግና "ደንቡ ምን ይላል?" ይላል። በቃ፣ ሁሉም እጁን ይሰበስባል።

ክቡር ሰብሳቢያችን የገዛ ባለቤታቸውን ቀጥተዋል። ለቅሶ አርፍደሽ ደረስሽ ብለው። ከአንድ ቤት፣ በአንድ በር ወጥተው እኮ ነው። እሳቸው ጋቢያቸውን ጣል አድርገው ቀድመው ወጡ፤ እትዬ አልማዜ ምድጃ አጥፍተው፣ በር ቆልፈው፣ የረሱትን መነጽር ይዘውላቸው ከኋላ ደረሱ። ክቡርነታቸው መነጽሩን ተቀበሉ፣ አደረጉት፣ በሱው ሰዓታቸውን አዩና ቀጧቸው።

አንድ ሠርግ ላይ ደግሞ የዕድሩ ብረት ድስት ሲወጣ ተፈርሞበት፣ ክዳኑ ግን ሳይፈረምበት ቀረ። ክዳኑን አላስነካ አሉ። ወጡ አፉን ከፍቶ ሲንተከተክ፣ ፈራሚው የሙሽራው አጎት ከአስኮ እስኪመጣ፣ የሠርጉ ቤት እንዳለ ድስቱን ከቦ ዝንብ ሲከላከል ዋለ። እኔንም ስብሰባ ላይ አንቀላፍተሃል ብለው ከሰውኛል። እያሰብኩ ነው አልኳቸው። ደንቡ ዓይን ጨፍኖ ማሰብን አይፈቅድም አሉኝ። እስቲ እኔን የመሰለ ሰው ዓይኑን ገልጦ ሲያስብ ማን አይቶ ያውቃል?

እኔ ማን እንደሆንኩ ደግሞ ካልነገርኳችሁ ነገሩ አይገባችሁም። አጣና ተራ ዕድሜ ልኬን አጣና ሸጫለሁ። ከዚህ እስከ አስኮ ቆሞ ከምታዩት አሮጌ ጭቃ ቤት ግማሹን ያቆመው የኔ አጣና ነው። ኢንጂነር ነኝ ያለ ሁሉ መጥቶ ይሄ እንጨት ይጣመማል ወይ ብሎ የሚጠይቀው እኔን ነበር። አንዳንዱ ሳይጠይቀኝ ሄዶ ሠራ፤ አሁን የሱ ቤት የት አለ? ፊደል አልቆጠርኩም፣ አልደብቅም። ሥዕል ግን ከማንም በላይ አነባለሁ። ለዚህ ነው የሳያትን መጽሐፍ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ቀድሜ የጨረስኩት።

ሳያት ማለት ዘመነች ግቢ ሰርቪስ ቤት ተከራይታ ከእናቷ ከእትዬ ምህረት ጋር የምትኖር ልጅ ናት። ሥራዋ የልጆች መጽሐፍ መሥራት ነው፣ የሚሥቅ፣ የሚያኮርፍ፣ ኮት የሚለብስ እንስሳ የሞላበት። የአሁኑ መጽሐፏ ውስጥ እንስሳቱ ወንዝ ዳር፣ ትልቅ ሾላ ሥር ዕድር አላቸው። ሰብሳቢው ዝሆን ነው፣ መነጽር አድርጓል። ጥሩምባ ነፊው ጦጣ ነው። ኤሊም አለ፣ ቤቱን ተሸክሞ የሚዞር፣ ኪራይ የማያውቅ፣ የቤቱ ካርታ ጀርባው ላይ ያለ። አንድ ቀን ጃርት ይመጣል። ጃርት የራሱ ቤት የለውም፤ አዋልዲጌሳ የቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ተከራይቶ ነው። የዕድራቸው ድንኳን ውስጥ ገብቶ አግዳሚ ላይ ሲቀመጥ ሁሉም ብድግ ይላል፣ እሾህ ነዋ። ጃርቱ አፍሮ ሊወጣ ሲል ዝሆኑ "ጠጋ ጠጋ በሉ" ይላል፣ ልክ እንደ ታክሲ ረዳት። ይጠጋጋሉ። መጨረሻው ሥዕል ላይ ጃርቱ አጠገብ የተቀመጠው ኤሊ ነው። ለምን ኤሊ ሆነ ብዬ የተማሩትን ጠየቅኩ፣ አንዱም አላወቀ። እኔ ነኝ የነገርኳቸው፤ ኤሊን እሾህ አይወጋውም።

ልጅቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሰፈሩ ሕፃናት መጽሐፉን እንድታነብላቸው የዕድሩን አዳራሽ ልትጠይቅ ሄደች። አዳራሽ እንበለው እንጂ ድስትና ድንኳን የሚቀመጥበት ቆርቆሮ ቤት ነው። አቶ ደግፌ መጽሐፉን መርምሬ እመልሳለሁ ብለው ወሰዱት። ሲመልሱት በቀይ እስክሪብቶ ቀልቶ ነበር። ሰፈሩ ዝሆኑ እሳቸው ናቸው እያለ ሲስቅ እሳቸው በዚያ አልተቀየሙም። የተቀየሙት ዝሆኑ ምልዓተ ጉባኤ ሳይሟላ ስብሰባ በመክፈቱ ነው። ጦጣው ማን አዞት ጥሩምባ ነፋ? ጃርቱስ መመዝገቢያ ሳይከፍል በየት በኩል አግዳሚ ላይ ወጣ? አንድ ገጽ ይጨመርና ሲከፍል ይታይ አሏት። አዳራሹ ደግሞ የአባላት ነው፣ እናንተ አባል አይደላችሁም አሏት። እንግዲያው መዝግቡን አለች። ደንቡ "የቤት ባለቤት" ነው የሚለው፣ ተከራይ አይልም ተባለች።

እዚህ ላይ ቀልዱ ቆመ። ምክንያቱም ለልጅቱ አዳራሹ ቢቀር ዛፍ ሥርም ታነባለች፤ እናትየዋ ግን ሌላ ናቸው። እትዬ ምህረት የነበሩበት ሰፈር ፈርሷል። ጎረቤቱ አንዱ ወደ ኮንዶሚኒየም፣ አንዱ ወደ ልጁ፣ አንዱ ወደ አገሩ ተበተነ፤ ከሙሽርነታቸው ጀምረው የከፈሉበት ዕድር አብሮ ተበተነ። ሴትዮዋ ጤነኛ ናቸው፣ ከኔ በፍጥነት ይራመዳሉ። ግን ዘመነች እንደነገረችኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያላቸው፦ "የሞትኩ ለታ ድንኳኔን ማን ይተክለዋል?"

ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት ደግሞ አይቀሩም። የማያውቁት ሰው ለቅሶ ላይ ከቤታቸው በርጩማ ይዘው ይመጡና ከድንኳኑ ጠርዝ ላይ ይቀመጣሉ። አግዳሚው የአባላት ነው ብለው። ማንም አልከለከላቸውም፤ ራሳቸው ናቸው የከለከሉት። አቶ ደግፌ ያን በርጩማ ብዙ ጊዜ አይተውታል። ሲያዩት እኔም አይቻቸዋለሁ፤ መነጽራቸውን ይጠርጋሉ።

ጠቅላላ ጉባኤው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሆነ። ሳያትና እናቷ በር ላይ ቆሙ። መጀመሪያ ስለተቀደደው ድንኳን፣ ቀጥሎ ስለጠፋው ጭልፋ ተነጋገርን። ጭልፋው ብዙ አጨቃጨቀ፣ እሱን ሌላ ጊዜ አጫውታችኋለሁ። ከዚያ ክቡር ሰብሳቢያችን ተነሱና አጀንዳ ሦስት የጃርቱ ጉዳይ ነው አሉ። መጽሐፉን ከኮታቸው ውስጥ አወጡ። እንደ አስተማሪ ቆመው፣ ሥዕሉን ወደኛ እያዞሩ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበቡልን። ሽማግሌው ሁሉ አንገቱን እያሰገገ ያያል። ሲጨርሱ መጽሐፉን ከደኑና ጃርቱ ይግባ ወይስ አይግባ፣ ጉባኤው ይወያይበት አሉ።

መጀመሪያ ሰው ሳቀ። ከዚያ ጃለታ ተነሳ። ጃለታ ቡራዩ ነው ያደገው፣ ልጅ እያለ የአባቱን ድንች ጃርት ጨርሶበታል፤ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ድንች የሚሰርቅ አባል ተቀብለን ነገ ጎመን ሰርቆ ብናገኘው ማን ይጠየቃል አለ። ሌላው ዋስ ያምጣ አለ። አንዱ ቤተሰቡ ስንት ነው፣ ወይስ ላጤ ነው ብሎ ጠየቀ። ሴቶቹ ደግሞ እንግዳ አይደል ወይ፣ ከበር እንመልሰው ወይ ብለው ተቆጡ። አንዱ ደግሞ፣ ጃርት ከተቆጣ እሾሁን ይወረውራል፣ ለቀብር አይሆንም አለ። ያን ጊዜ እኔ ተነሳሁ። ውሸት ነው አልኳቸው። አጣና ልጭን ጫካ ስወርድ ፊት ለፊት ገጥሞኝ ያውቃል፤ ጃርት አይወረውርም፣ ጀርባውን ያዞርብሃል እንጂ። ሰው ስለሚሸሸው ነው ቀድሞ የሚዞረው። ቤቱ ፀጥ አለ። እኔ ስናገር ቤት ፀጥ ማለቱ አዲስ አይደለም።

እጅ ይውጣ ተባለ። ጃርቱ ይግባ የሚለው እጅ አዳራሹን ሞላው። ጃለታም ድንች እንዳይነካ ብሎ የሱን እጅ መጨረሻ ላይ አወጣ። አቶ ደግፌ ውሳኔው በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ አዘዙ፣ ተያዘ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁና ጃርቱ የሚኖረው በማን ቤት ነው ብለው ጠየቁ። በአዋልዲጌሳ ቤት አልን። ታዲያ ምንድን ነው አሉ። ተከራይ ነው አልን፣ ባንድ ድምፅ።

"እንግዲህ ጉባኤው ተከራይ ተቀብሏል" አሉ። "ወይዘሮ ምህረት ወደፊት ይምጡ።"

አንዳንዱ አፉን ከፍቶ ቀረ። እኔ ከመጀመሪያው ገብቶኝ ነበር፤ ዝም ያልኩት ሌላው ሰው ራሱ እንዲደርስበት ብዬ ነው።

እትዬ ምህረት ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ፤ መመዝገቢያውን ከመሀረባቸው ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ገንዘብ ያዡ ደረሰኝ ሊቆርጥ ሲል ግን ጃለታ እንደገና ተነሳ። ክፋት የለበትም፣ ነገር ሲጣመም አይወድም። እጃችንን ያወጣነው ለጃርቱ ነው፣ ጃርቱ ደግሞ የከፈለው ነገር የለም አለ። ሰው ሁሉ ተቀመጥ፣ ተው አንተ ሰውዬ ሲለው አቶ ደግፌ እጃቸውን አነሱ።

"ልክ ነው" አሉ። "ጃርቱ ካልከፈለ አባል አይደለም። እሱ አባል ካልሆነ ውሳኔው የለም። ውሳኔው ከሌለ ወይዘሮ ምህረትም የሉም።"

እትዬ ምህረት ገንዘባቸውን ሊያነሱ እጃቸውን ሰደዱ። ሳያት እኔ ልክፈልለት አለች። አባል ያልሆነ ሰው ስለ ሌላ አይከፍልም፣ ደንብ ነው አሏት። አዳራሹ ውስጥ የሰው ሁሉ ፊት ጠቆረ። እኔ ራሴ ይሄን ሰውዬ ዛሬስ አልምረውም ብዬ ከዘራዬን ያዝኩ።

ክቡር ሰብሳቢያችን የኮታቸውን ቁልፍ ፈቱ። እጃቸውን ወደ ውስጥ ኪሳቸው ሰደዱ፣ ብር ቆጥረው አወጡና ከእትዬ ምህረት ገንዘብ ጎን አስቀመጡት። ከኚህ ሰውዬ ጋር ስጣላ ነው ያረጀሁት፤ ያን ለታ ግን እሳቸው የሌሉበት ዕድር ቢሰጠኝ እንደማልገባ ገባኝ። ይሄን ለሳቸው እንዳትነግሩብኝ።

ገንዘብ ያዡ ግራ ገብቶት እስክሪብቶውን ያዘ። ስም ብሎ ጠየቀ። ጃርት ተባለ፣ ጻፈ። የአባት ስምስ ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ወደ አቶ ደግፌ ዞረ። ገንዘብ ያዡ ቀና ብሎ አያቸው። አቶ ደግፌ ኮታቸውን እየቆለፉ፣ ያለ አባት ስም ደረሰኝ እንደማይቆረጥ ታውቃለህ አይደል አሉት፤ ከዚያም ዝቅ ባለ ድምፅ የራሳቸውን ስም ነገሩት።

ደረሰኙ ተቆረጠ፦ ጃርት ደግፌ፣ መመዝገቢያ፣ ተከፍሏል።